ድንጋዩ ወዴት ዞሮ ነበር

«ድንጋዩ ደህና ገባልሽ?» አሉኝ አክስቴ።

ኢምፔሪያል፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ዝናቡ አባርቶ ከፊቴ ያለችው ሴት ጃንጥላዋን ታራግፋለች፤ ረዳቱ «ገርጂ! አንድ ሰው ገርጂ!» እያለ ይጮኻል። አንድ ጆሮዬን በመዳፌ ደፍኜ በሌላው ለመስማት እታገላለሁ።

«የምን ድንጋይ?» አልኳቸው።

«የጠበሉን ነዋ! አበልጅሽ ወስዳልሽ የለ? እስካሁን አልደረሰም እንዳትዪኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ። አክስቴ መስመሩ የተቆራረጠ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። አበልጄ በፒክአፕ መጣች። ሾፌርና ሁለት ጎረምሶች ይዛለች። «እሷ ናት የላከችኝ፤ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ይመረመርና ለኅዳር ሚካኤል ይመለሳል» አለች። ቄሱም ልጃችን ካለች ምን ይደረጋል ብለው ጸሎት አደረሱ። ሕዝቡ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ድንጋዩ በጆንያ ተጠቅልሎ ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወደ እኔ የሚመጣ መስሏቸው።

«እኔማ ቆሎ ላክሁልሽ፤ ሱፍ የገባበት፣ አንቺ የምትወጂውን። ቆሎውስ?»

«ቆሎውም አልደረሰኝ።»

«ጓለይ» አሉኝ፤ በእኛ ቋንቋ ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ወረደ። «እንግዲያ ለማን ነው የሰጠነው?»

ተራዬ ደርሶ ነበር። ረዳቱ «እትዬ፣ ትገቢያለሽ አትገቢም?» ሲለኝ ከሰልፉ ወጥቼ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆምኩ።

አበልጄ የምላት ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ ሴት ናት። ከትግራይ ወጥቼ አዲስ አበባ ስኖር ዘመድ አልነበረኝም፤ ሳሊተ ምሕረት ደጃፍ ላይ ልጄን በሁለት እጇ ተቀብላ ስትወጣ ዘመድ አገኘሁ ብዬ አለቀስኩ። ጽዋ የምንጠጣው በአንድ ማኅበር ነው። ሥራችንም ገርጂ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ እሷ የድንጋይ ተመራማሪ፣ እኔ ጭቃ አጣቢ።

ለሰው ሥራዬን ሳስረዳ እንዲሁ ነው የምለው፤ ጭቃ አጥባለሁ። ከየተራራው የመጣ ደለል በዕድሜ ብዛት ድንጋይ ሆኖ ይደርሰኛል። እፈጨዋለሁ፤ አሲድ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ በወንፊት አጠልለዋለሁ። ድንጋዩ ሟሙቶ ሲያልቅ የማይሟሟ አንድ ነገር ይቀራል፤ ጥንት የበቀሉ ዕፅዋት በነፋስ የበተኑት ብናኝ። በማይክሮስኮፕ ሳየው አንዱ ክብ ነው፤ አንዱ ክንፍ ያለው ይመስላል። ቅጠሉና ግንዱ የለም፤ እሱ ግን አለ። ከእሱ ተነሥተን በዚያ ዘመን በዚያ ቦታ ምን ይበቅል እንደነበር፣ አገሩ ቆላ ይሁን ውርጭ እንናገራለን።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ አሠልጣኝ ከደቡብ ዋልታ የተነሡ ፎቶዎች አሳየን። በአንዱ ላይ በረዶው ሸሽቶ የገለጠው ድንጋይ ነበረ። የበረዶ ግግር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል፤ ከሥሩ የያዛቸው ጠጠሮች የሚያልፍበትን አለት እንደ ሞረድ ይፍቁታል። ድንጋዩ ላይ ትይዩ ጭረቶች ይቀራሉ፤ በጣት ያበጠሩት ሊጥ ይመስላል። ፎቶውን እንዳየሁ መጀመሪያ የነገረኝ ዓይኔ አይደለም፤ የእግሬ መዳፍ ነው። ጫማዬ ውስጥ እግሬ ተኮማተረ። ይህንን ድንጋይ ቆሜበት አውቃለሁ።

የሰፈራችን የሚካኤል ጠበል የሚፈስሰው ዝቅ ባለች የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የላትም። ተጠማቂው ጫማውን ቅጥሩ በር ላይ ጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ ይገባና ወለሉ ላይ ይቆማል። ወለሉ ያ ድንጋይ ነው። ውኃው ከላይ ሲወርድ ዓይን ይጨፈናል፤ ፊት ወደ ምሥራቅ ይዞራል፤ ከእግር በታች ጭረቶቹ ይሰማሉ። ታቦቱ ሲመጣ የተጎተተበት ነው ይሉናል አባቶች። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ፎቶማ አይታሰብም። በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ቅጥሩን አታልፍም። ልጅ ሆኜ ያወቅሁት ሥርዓት ይኸው ነው፤ አሁንም እጠብቀዋለሁ።

ለአበልጄ ነገርኳት። ምሳ እየበላን ነበር፤ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አንቺ ሴትዮ፣ እስከዛሬ ይህን ይዘሽ ነው ሽሮ የምትበዪው?»

ያን ዕለት ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። የዛሬዎቹ አህጉራት በአንድ ላይ ተጣብቀው በነበሩበት ዘመን የእኛ ምድር ከደቡብ ዋልታ ብዙም የራቀ አልነበረም። ዛሬ በለስ የሚበቅልበት ቀበሌያችን በረዶ ተጭኖት ነበር። ይህን ማመን ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ብዬ የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ውኃውን ያፈሰሰ በረዶውንም ያውቀዋል፤ አንቺ ጭቃሽን እጠቢ» አሉኝ። አጠብኩ።

ከጦርነቱ በኋላ መንገዱ ሲከፈት አብረን ወደ አገሬ ሄድን። አክስቴ አበልጄን እንደ ልጃቸው አስተናገዱ። ሁለታችንም እንደ ሥርዓቱ ዓይናችንን ጨፍነን ተጠመቅን፤ ኮምፓስም አላስገባንም። ከጠበሉ ቤት በላይ ካለው ገደል ጥቁር ጭቃ፣ ቄሱን አስፈቅደን፣ በትንሽ ከረጢት ቆንጥረን ወሰድን። ገርጂ ተመልሼ ሳጥበው ብናኝ ተገኘበት። በረዶው እየሸሸ እያለ ከአጠገቡ አንድ ነገር መብቀል ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ማይክሮስኮፑን ለአበልጄ ለቅቄላት እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ አማተብኩ። ለስንት ዘመን ሰው ሳያየው የኖረውን የአገሬን ቡቃያ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ሆንኩ።

ግን ከዚያ በፊት፣ ገና እዚያው ሳለን፣ አክስቴ ከጠበሉ ቅጥር በር ላይ አበልጄን እጇን ይዘው ጠይቀዋት ነበር።

«ልጄ፣ ድንጋዩን አትወስዱብንም አይደል?»

«ወይኔ እማማ! ምን ያደርግልናል? ከቦታው ከተነሣ እኮ ለእኛም ዲዳ ነው የሚሆነው።» ከዚያ እጇን እያወዛወዘች፣ ጭረቱ በረዶው ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚናገረው ድንጋዩ በተኛበት ሲተኛ ብቻ መሆኑን አስረዳቻቸው። እኔ ተረጎምኩ። አክስቴ በጣም ደስ አላቸው። «አየሽ፣ እሷም እንደ እኛ ነው የምታምነው» አሉኝ።

እውነቷን ነበር። የቀስቱንም ሕግ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከመሬት ማንኛውንም ድንጋይ ከማንሣታችን በፊት የላይኛው ገጹ ላይ ወደ ሰሜን የሚያመለክት ቀስት በማርከር እንሥላለን። ቀስት የረሳ ሰው ለመላው ክፍል ምሳ ይጋብዛል። አንድ ጊዜ እኔን አስጋብዛኛለች።

ከአክስቴ ስልክ በኋላ ደጋግሜ ደወልኩላት፤ አታነሣም። በማግሥቱ ቢሮ አልገባችም። የሥራ ባልደረባችን የሆነ ሰው ግን ሲያየኝ ገረመው።

«የድንጋዩ ምርቃት ላይ ለምን አልመጣሽም? ለአንቺም ነው እኮ ያጨበጨብነው።»

የነገረኝ ቦታ ሄድኩ፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ የአንድ አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ከሊፍቱ አጠገብ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀብተውታል፤ በትልልቅ ፊደል «አዲስ አበባ ከመወለዷ በፊት፤ የበረዶ ዘመን» ይላል። ከፊደሉ በታች፣ በብረት ፍሬም ውስጥ፣ ድንጋያችን ቀጥ ብሎ ቆሟል። አራት ማዕዘን አድርገው ቆርጠውታል። ቫርኒሽ ቀብተውታል። ከላይ መብራት ይበራበታል። ጭረቶቹ ከወለል ወደ ጣሪያ ይወጣሉ፤ በረዶ ወደ ሰማይ ይሄድ ይመስል።

ሁለት ወጣቶች ከፊቱ ቆመው ሴልፊ ይነሣሉ።

«ኦሪጅናል ነው ወይስ ፕሪንት?»

«ፕሪንት ነው ባክሽ፤ ኮንክሪት ላይ ነው የሚሠሩት አሁን።»

እጄን ዘርግቼ ጭረቱን ነካሁት። የፕላስቲክ ስሜት አለው።

«እናቴ፣ መንካት አይቻልም» አለኝ ጥበቃው። ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። «ሊፍት ፈልገው ከሆነ በዚህ በኩል ነው።»

«ይህ የእኛ ነው» አልኩት።

«እሺ፣ የሁላችንም ነው» አለኝ በፈገግታ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቷ ሄድኩ። ሲኤምሲ ነው የምትኖረው። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ፤ ነጠላዋን ገና አላወለቀችም። እሷም ያስቀደሰች ናት።

«አበልጄ! ግቢ እንጂ። ቁጣም ቢሆን ቁጭ ብሎ ነው።»

ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ሳህን ነበር፤ ሳህኑ ውስጥ ቆሎ። ገብሱ መሐል ነጫጭ የሱፍ ፍሬዎች ይታያሉ። ማን እንደቆላው ሳልቀምስ አወቅሁ።

«ስሜን ለምን ጠራሽ?» አልኳት።

«ባልጠራው ይሰጡኝ ነበር?»

እንዲህ ስትለኝ አላፈረችም። ይህ ነው ያቆሰለኝ። ቀስ ብላ፣ ሥራ እንደምታስረዳ፣ ታስረዳኝ ጀመር። ገደሉ እየተናደ ነው፤ አንድ ክረምት ድንጋዩን ይበላዋል። እዚህ ግን በቀን ስንት ሰው ያየዋል፤ ልጆች ይማሩበታል። የሕንፃው ባለቤት ለቀጣዩ ጥናት መኪና እሰጣችኋለሁ ብሏል።

«ደግሞስ እዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ ማን አየው? አንቺ ራስሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ አይደል ስትቆሚበት የኖርሽው?»

«ለአክስቴ ዲዳ ይሆናል ብለሽ አልነበር? እኔ ነኝ የተረጎምኩት፤ በእኔ አፍ ነው የዋሸሻቸው።»

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችልኝ።

«ቀስቱስ? ቢያንስ ቀስቱን ሣልሽበት?»

ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። «አልገባሁም» አለች።

«የት?»

«ጠበሉ ቤት። ቅጥሩንም አላለፍኩ። ያን ቀን… መግባት አልችልም ነበር። አንቺም ሴት ነሽ፤ ታውቂዋለሽ። ሕዝቡ ጋ ውጭ ቆሜ ነው የጠበቅሁት። ልጆቹን ቀስት ሣሉ ብያቸዋለሁ።»

«ሣሉ?»

«እንጃ። ሲቆረጥ አልነበርኩም።»

በወር አበባዋ ስለሆነች ከቅጥሩ አላለፈችም። ሕጉን ጠብቃለች። ከሕጉ ውጭ ቆማ፣ እጇን ሳታስነካ፣ ባሠማራቻቸው ሰዎች እጅ ወለሉን ከሥሩ አስነቅላ ወሰደች። ሃይማኖት ባይኖራት እንዲህ አልጎዳም ነበር መሰለኝ። የእኔን ፍርሃት በሙሉ ታውቀዋለች፤ የራሷም ነው፤ ከዚህ ፍርሃት ውስጥ የሚጠቅማትን መርጣ ያዘች። ለልጄ በክርስትናዋ ቀን «ሰይጣንን እክዳለሁ» ብላ የመለሰችላት ቃል ትዝ አለኝና ተነሣሁ። ከሳህኑ አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግኜ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ።

«የእኔ ነው» አልኩና ወጣሁ።

ድንጋዩን ለማስመለስ ብዙ እለፋለሁ ብዬ ነበር። አልለፋሁም። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ከጠበል ቤት ወለል የተነሣ መሆኑን ስነግረው ስልኩን አነሣና ለባለቤቱ ደወለ። ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል።

«የምን ጠበል? የወንዝ ድንጋይ ነው አላለችም እንዴ? በስመ አብ! እኔ ሊፍቱ ለምን በየቀኑ ይቆማል እያልኩ… ዛሬ! ዛሬውኑ አንሡልኝ!»

በዚያው ቀን ሳሊተ ምሕረት፣ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አወረዱልኝ። ጎረቤቶች ሲበተኑልኝ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩበት። ቫርኒሹ ያንሸራትታል፤ ከሥሩ ግን ጭረቱ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ውኃ የለም። ወዴት እንደምዞር አላወቅሁም።

ቀስት የለውም። ቆራጩ ጠርዙን ሲከረክመው አብሮ ሄዶ ይሁን፣ መጀመሪያም ሳይሣል ቀርቶ፣ የሚያውቅ የለም። አራቱም ጎኑ እኩል ስለሆነ በአራት መንገድ ይተኛል። የወጣበትን ጉድጓድ የሰፈሩ ሰዎች ውኃው መሠረቱን እንዳይበላው ብለው በሲሚንቶ ሞልተውታል፤ የድሮው ቅርጽ እዚያም የለም።

ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። የጥንቱን ምድር የምንፈልግበትን ዘዴ የትናንቱን ለመፈለግ አዋልኩት። የቆመ ውኃ በዝቅተኛው ጎን ደለል ይተዋል፤ ደለሉን ፈለግሁ። ብርሃን ከበሩ የሚያገኘው ጎን የድንጋይ ሽበት፣ ሻጋታ የሚመስለውን፣ ያበቅላል፤ ሽበቱን ፈለግሁ። ሴቶቹ ጧፍ የሚያቆሙት በአንድ ጥግ ነው፤ የሰም ነጠብጣብ ፈለግሁ። ሁሉንም በሽቦ ብሩሽ ፍቀው አጥበውታል። በአንዱ ጭረት ውስጥ ብቻ፣ ከቫርኒሹ ሥር፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቆሻሻ ቀርታ ነበር። ገርጂ ወስጄ አጠብኳት። በማይክሮስኮፑ ውስጥ የወይራና የጥድ ብናኝ ታየኝ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ዛፎች። ከየት እንደመጣ በትክክል ነገሩኝ። ወዴት ዞሮ እንደነበር ግን ዛፍ ከየት ያውቃል?

ለአክስቴ ደወልኩ።

«ጭረቱ ወዴት ነበር የሚሄደው?»

«ወደ ምሥራቅ ነዋ!»

ቄሱም ወደ ምሥራቅ አሉኝ። የጠበሉ ጠባቂም፣ የልጅነት ባልንጀራዬም እንዲሁ። እኔም ሳስታውሰው ወደ ምሥራቅ ነው። በኋላ ግን አሰብኩበት። ሁላችንም እዚያ ላይ የቆምነው ዓይናችንን ጨፍነን፣ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ መልሰን ነው። የዞርነው እኛ ነን። የቆምንበት ድንጋይ አብሮን የዞረ መስሎናል። ያ ጠባቂ በኋላ መልሶ ደውሎልኝ፣ ውኃው ይወጣ የነበረው ከቤቱ በታች ባለው ሸለቆ በኩል፣ በምዕራብ መሆኑን፣ ስለ ጭረቱም እርግጠኛ አለመሆኑን ነገረኝና፣ «ተዪው እንጂ፣ ወደ ምሥራቅ አድርጊው፤ ማን ይቃወምሻል?» አለኝ።

ይህንን ለአክስቴ ነገርኳቸው። «እንደነበረ አድርጊልን» አሉኝ። «እንደምንወደው አይደለም።» ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። በሰፈሩ ገበያ ላይ ልጃችን ሸጠችን ይባላል። አክስቴ እውነቱን ለሁሉም ነግረዋል፤ የሚያምናቸው ግን ጥቂት ነው፤ ስሜ ተጠርቶ ድንጋዩ ሲወጣ ሁሉም በጆሮው ሰምቷላ። የሰፈሩ ሰዎች ባገኙኝ ጊዜ የምነግራቸው ቃል የለኝም። ድንጋዩ በነበረበት፣ በነበረው አቅጣጫ ተኝቶ፣ ጭረቱ በእግራቸው ሲሰማቸው ምናልባት ያምኑኛል።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሦስት ሰዎች ነው፤ ለሾፌሩና ለሁለቱ ጎረምሶች። ጠበሉ ቤት ውስጥ ያኔ የነበራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ሾፌሩም ለማገዝ ገብቶ ነበር ይላሉ። አበልጄ ከገበያ ዳር ነው የቀጠረቻችሁ፤ ስልካችሁን አልያዘችም፤ ስማችሁንም አታውቅም። አልፈርድባችሁም፤ በእኔ ስም ነው የተላካችሁት፤ ጸሎት ተደርጎላችሁ ነው የገባችሁት። ከመካከላችሁ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ከሆነ፣ ብረቱን ከመስደዳችሁ በፊት ለወሬ ያህል እንኳ ወለሉን አንሥቶት ከሆነ፣ እባካችሁ ፈልጉልኝ። እዚያ ፎቶ ማንሣት እንደሚከለከል አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄዋለሁ። አንድ ሰው ያን ቀን ሕጉን ጥሶ እንዲሆን ግን በየጸሎቴ እለምናለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ፎቶ ባይኖርም አስታውሱ። በሩ በየትኛው ትከሻችሁ በኩል ነበር? ውኃው እግራችሁን ነክቶ በየት በኩል ሄደ? ጭረቱ ወደ እናንተ ይመጣ ነበር ወይስ ከእናንተ ይሄድ ነበር? ድንጋዩ ግቢዬ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ተኝቷል። ማርከሩን ገዝቻለሁ። ቀስቱን እኔ እሥለዋለሁ፤ ወዴት እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ።